ሰዓቱና ራዲዮው፤ በፎቶግራፍ ሥራ ስለ ርእሰ ጉዳይ አመራረጥ የቀረበ ሒስ

ፎቶግራፍ ማንሣት ከጥበባት ሁሉ ቀላሉ መስሎ ይታያል። ሠዓሊ አንድ ፊት ለመሣል ብዙ ቀን ሲደክም፣ ጸሐፊም አንድ ገጽ ለመሙላት ሌሊቱን ሲያነጋ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ጣቱን በመጫን ብቻ ሥራውን የፈጸመ ይመስላል። ስለዚህም በዚህ ሙያ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ስለ ብርሃን መጠን፣ ስለ ሌንስና ስለ ካሜራ አያያዝ የሚናገር ሆኖ፣ ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ፣ ይኸውም «ምን ይነሣ? ለምንስ ይነሣ?» የሚለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ዝንባሌ ተትቶ ይቀራል። ይህ ጥያቄ ለማናቸውም ፎቶግራፍ አንሺ አስፈላጊ ነው፤ የሕዝብን ባህልና አኗኗር ለሚያጠና ሰው ግን ይበልጥ ይከብዳል። እሱ የሚያነሣው ሥዕል በግድግዳ ተሰቅሎ የሚቀር ጌጥ ብቻ አይደለምና፤ በምስክርነት የሚቀርብ ነው። ምስክር ደግሞ በተናገረው ብቻ ሳይሆን በደበቀውም ይጠየቃል።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወደ ሩቅ ሂድ፤ ያልታየውን ፈልግ፤ ሊጠፋ የተቃረበውን ቶሎ ብለህ አንሣ» የሚል ነው። መልሱ ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ለማወቅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅን መልክ ሲያነሡ የኖሩትን የሦስት ሰዎች ሥራ ጎን ለጎን አቅርቦ መመርመር ያስፈልጋል። እነዚህም የአሜሪካው ኤድዋርድ ከርቲስ፣ የጀርመኑ አውጉስት ዛንደርና የማሊው ሴይዱ ኬይታ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከርቲስ በ1868 በዊስኮንሲን ተወልዶ፣ በሲያትል ከተማ ስመ ጥር የፎቶግራፍ ቤት የነበረው ሰው ነው። የከተማውን ባለጸጎች በማንሣት ደኅና ኑሮ ሊኖር ሲችል፣ የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች አኗኗር በሥዕልና በጽሑፍ ለመሰብሰብ ተነሣ። በ1906 ባለባንኩ ጄ. ፒ. ሞርጋን 75,000 ዶላር ሊረዳው ተስማማ። «የሰሜን አሜሪካ ኢንዲያን» የተባለው ሥራው የመጀመሪያው ቅጽ በ1907፣ ሃያኛውና የመጨረሻው ቅጽ በ1930 ታተመ። ከሥዕሎቹም ሌላ ከ10,000 በላይ ዜማና ንግግር በሰም ጥቅል ላይ ቀርጾ አስቀርቷል። ለዚህ ሥራ ሲል ትዳሩንና የፎቶግራፍ ቤቱን አጥቷል፤ በ1952 ሲሞትም የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር። እንግዲህ ስለዚህ ሰው የሚሰጠው ሒስ ድካሙን የሚያቃልል ሊሆን አይገባም።

ሆኖም ከሥራዎቹ መካከል አንዱን ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባል። በ1910 በተነሣው በዚህ ሥዕል ሁለት የፒገን ወገን ሰዎች፣ አባትና ልጅ፣ በድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። በዙሪያቸው የትምባሆ ማጨሻቸውና ልዩ ልዩ የቤት ዕቃቸው አለ። በመካከላቸው ደግሞ አንድ የጠረጴዛ ሰዓት ተቀምጧል። ይህ ሰዓት በአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው በመጀመሪያው ሥዕል ላይ በግልጽ ይታያል፤ በመጽሐፉ ውስጥ በታተመው ላይ ግን የለም፤ ተፍቆ ጠፍቷል። ከርቲስ ሰዓቱን የፋቀው ሥዕሉን ያበላሸበታል ብሎ ስላሰበ ነው። እሱ ሊያሳይ የፈለገው ነጭ ሰው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ኑሮ ነበር፤ ሰዓቱ ግን ዘመኑን ይናገርበታል።

እዚህ ላይ የተፋቀው አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከሰዓቱ ጋር ሰዎቹ የሚኖሩበት ዓመት አብሮ ተፍቋል። እነዚያ አባትና ልጅ ሥዕሉ በተነሣበት ጊዜ የሚኖሩት መንግሥት በከለለላቸው መሬት ላይ ነበር። በ1883 የወጣ ደንብ ብዙ ሃይማኖታዊ ሥርዓቶችን ከልክሎ ነበር፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተለይተው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። ሰዓቱ ከየት መጣ? በገንዘብ ተገዛ ወይስ በለውጥ ተገኘ? ሰዎቹ በእሱ የሚቆጥሩት የማንን ጊዜ ነው፤ የገዛ ራሳቸውን ወይስ የመንግሥት ሹሙን? ለባህል አጥኚ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልነበረም። የጥያቄው መነሻ በድንኳኑ መካከል ተቀምጦ ሳለ፣ ከርቲስ እንደ እንቅፋት ቆጥሮ አስወገደው።

የስሕተቱ ምክንያት የዓይን ድካም አልነበረም፤ የከርቲስ ዓይን እጅግ የሠለጠነ ነበር። ምክንያቱ መልሱ ከጥያቄው በፊት የተወሰነ መሆኑ ነው። በ1904 ባነሣው ዝነኛ ሥዕል ላይ፣ የናቫሆ ፈረሰኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ተራ በተራ ወደ ጨለማ ሲገቡ ይታያሉ፤ ርእሱንም «የሚጠፋ ዘር» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሥራ በብዙው ይህንን ርእስ ለማስረዳት የተደረገ ሆነ። ከእውነተኛው ኑሮ ከርእሱ ጋር የተስማማው ተነሣ፤ ያልተስማማው ቀረ፤ ሳይታሰብ የገባውም ተፋቀ። ሕዝቡ ግን አልጠፋም። በ2020 በአሜሪካ በተደረገው ቆጠራ ራሱን ብቻውን ወይም ከሌላ ዘር ጋር አዳምሮ ከእነዚህ ሕዝቦች ወገን ነኝ ያለው ሰው ከ9 ሚሊዮን በላይ ነበር። ዛሬ የተነሺዎቹ የልጅ ልጆች ወደ ከርቲስ ሥዕሎች የሚመለሱት የአያቶቻቸውን ፊት ለማየት ነው፤ የመጥፋታቸውን ታሪክ ለማንበብ አይደለም። የሥራው ሕያው ክፍል የተነሺው ፊት ከአንሺው ሐሳብ በርትቶ የወጣበት ነው።

አውጉስት ዛንደር ወደ ርእሰ ጉዳዩ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። በ1876 በቬስተርቫልድ አካባቢ በሄርዶርፍ መንደር የተወለደው ይህ ሰው፣ በ1910 ገደማ በኮሎኝ ከተማ የፎቶግራፍ ቤት ሲከፍት ገበያ አልበቃውም። ስለዚህ ካሜራውን ይዞ ወደ ተወለደበት አገር እየሄደ ገበሬዎቹን በደጃቸው ያነሣላቸው ጀመር። ይህ የዕለት እንጀራ ፍለጋ እንጂ የታላቅ ሐሳብ መጀመሪያ አልነበረም። ይሁንና ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ ከኮሎኝ ሠዓሊዎች ጋር ሲወዳጅ ያንን የቆየ ነጋቲቭ እንደገና እያወጣ ተመለከተው። ለእንጀራ ብሎ ባነሣው መካከል የአንድ ትልቅ ሥራ መሠረት ተቀምጦ አገኘ። ገበሬውን፣ የእጅ ባለሙያውን፣ ሴቲቱን፣ የልዩ ልዩ ሙያና መዓርግ ባለቤቶችን፣ የጥበብ ሰዎችን፣ የከተማውን ሰውና በመጨረሻም ከኅብረተሰቡ ዳር የቀሩትን በሰባት ክፍል የሚያሳየው «የሃያኛው መቶ ዓመት ሰዎች» የተባለው ዕቅዱ የተወለደው በዚህ አኳኋን ነው። የቬስተርቫልድ ገበሬዎችም የሁሉ መጀመሪያ ሆነው ተመደቡ። የእኛ ሰው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል፤ ዛንደር መዳብ መስሎት ያስቀመጠውን ወርቅ መሆኑን ያወቀው ተመልሶ ሲያየው ነበር።

ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱ በ1914 የተነሡትን ሦስት ወጣት ገበሬዎች ያሳያል። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከዘራ ይዘው በገጠር መንገድ ላይ ወደ ጭፈራ ሲሄዱ ቆመዋል። ሌላ ሰው ቢሆን «ገበሬ እንዲህ አይለብስም» ብሎ የሥራ ልብሳቸውን ባስለበሳቸውና ማረሻ ባስያዛቸው ነበር። ዛንደር ግን በመጡበት አነሣቸው። በዚያ ዓመት የዓለም ጦርነት መጀመሩን የሚያውቅ ተመልካች፣ በዚያ የከተማ ልብስና በዚያ የገጠር መንገድ መካከል አንድ ዘመን ሲያልፍ ያያል። አንሺው ይህንን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ነገር ግን ምንም ስላልፋቀ ትርጉሙ በኋላ ሊመጣ ቻለ።

የዛንደርም ሥራ ጉድለት የለበትም አይባልም። ሰውን በሙያው ብቻ እየጠራ ስሙን የሚተው በመሆኑ፣ ሰው ሁሉ የአንድ ዓይነት ናሙና እንዲመስል ያደርጋል። ይህ የባህል አጥኚዎችም የቆየ ሕመም ነው። ሆኖም ዕቅዱ ለዘመኑ እውነት በሩን አልዘጋም። 60 ሥዕሎች የያዘው «የዘመኑ ፊት» የተባለው መጽሐፉ በ1929 ታተመ፤ በ1936 ግን የናዚ መንግሥት የቀሩትን ቅጂዎች ወርሶ የማተሚያ ሰሌዳዎቹን አጠፋ። ልጁ ኤሪክ በ1934 በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ በ1944 በእስር ቤት ሞተ። ዛንደር በ1938 ገደማ ለመታወቂያ ያነሣቸውን የኮሎኝ አይሁዶች ሥዕል፣ እንደዚሁም ልጁ በእስር ቤት ያነሣቸውን እስረኞች፣ ከናዚ ወታደሮች ሥዕል ጋር በዚያው ዕቅድ ውስጥ አስገባ። በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ «የተሳደዱ» የሚል ክፍል አልነበረም። ዘመኑ አመጣው፤ አንሺውም ተቀበለው።

ሦስተኛው ሰው ሴይዱ ኬይታ በባማኮ ከተማ በ1921 ገደማ ተወለደ። የተማረው አናጢነት ነበር። በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ሲመለስ አንድ ትንሽ የኮዳክ ካሜራ አመጣለት፤ በ1948 ደግሞ በባማኮ ኩራ ሠፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። አገሩ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረ። ኬይታ ሩቅ አልሄደም፤ ሰው ወደ እሱ መጣ። መጀመሪያ የጀርባ መጋረጃ ያደረገው የገዛ አልጋ ልብሱን ነበር፤ በየጥቂት ዓመቱም በሌላ ባለ ጥለት ጨርቅ ይለውጠው ነበር። ፊልም ውድ ስለሆነ ለአንድ ሰው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣል። ስለዚህም ከማንሣቱ በፊት አቀማመጡን፣ የእጁን አኳኋንና የፊቱን አቅጣጫ ከተነሺው ጋር ተነጋግሮ መጨረስ ነበረበት።

በፎቶግራፍ ቤቱ ውስጥ ለተነሺዎች የሚያገለግሉ ዕቃዎችም ነበሩ፤ የአውሮፓ ልብስ፣ የእጅ ሰዓት፣ ብዕር፣ ስኩተርና ራዲዮ ይገኙባቸዋል። አንዳንዱ ራዲዮውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ እጁን በላዩ አሳርፎ፣ የራሱ ሀብት እንደ ሆነ ሁሉ በክብር ይቀመጣል። ሌላዋ ሴት ጥለቱ ከመጋረጃው ጥለት ጋር የሚጋጭ ሰፊ ልብስ ለብሳ በክንዷ ተደግፋ ትጋደማለች። ተመልካች የጨርቁን ብዛት አልፎ መጨረሻ የሚደርሰው በፊታቸው ላይ ነው። በዚያ ፊት ላይ የሚነበበው የአንድ ከተማ ሕዝብ ስለ ራሱ ያለው ሐሳብ ነው፤ ይህም ነፃነት ከመገኘቱ ከ1960 በፊት በነበሩት ዓመታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ከርቲስ ሰዓቱን ስለ ፋቀ ሐሰተኛ ከተባለ፣ የማይገባውን ራዲዮ ለተነሺው የሚያውሰው ኬይታስ ለምን እውነተኛ ይባላል? ሁለቱም የሌለውን እንዳለ፣ ያለውንም እንደሌለ አድርገዋል። እንዲያውም ከርቲስ አንዳንድ ጊዜ ልብስ ያውስ እንደ ነበረ የታወቀ ስለሆነ፣ በውጭ ሲታይ ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው።

ልዩነቱ የሚገኘው ምኞቱ የማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ነው። ሰዓቱን ያስወገደው ምኞት የአንሺው ነበር፤ በድንኳኑ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ ሰዓታቸው ቢታይ የሚያፍሩበት ምክንያት አይታወቅም። ራዲዮውን የጠራው ምኞት ግን የተነሺው ነበር። ሥዕሉንም ገንዘብ ከፍሎ ወደ ቤቱ የሚወስደው፣ ለዘመዱም የሚልከው እሱ ራሱ ነበረ። ስለዚህ የኬይታ ሥዕል «ይህ ሰው ራዲዮ አለው» ብሎ ባይመሰክርም፣ «ይህ ሰው በዚህ ጊዜ ራዲዮ ካለው ሰው ጋር ሊቆጠር ይፈልጋል» ብሎ በእውነት ይመሰክራል። ምኞት ደግሞ ከባህል ውጭ የሆነ ነገር አይደለም፤ ሕዝብ የሚያፍርበትንና የሚኮራበትን ማወቅ የጥናቱ ግማሽ ነው። የከርቲስ የታተመ ሥዕል ግን ስለ አንሺው ምኞት ብቻ ይነግረናል፤ ይህንንም የምናውቀው ከሌላ ምንጭ እንጂ ከራሱ ከሥዕሉ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ስለ ፈጠራ ሥራ አካሄድ የሚገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ቦታ ወይም ሰው ብቻውን ርእሰ ጉዳይ አይሆንም። «ገበያ» የቦታ ስም ነው፤ «በዚህ ገበያ ማን ተቀምጦ ማን ቆሞ ይሸጣል? ለምንስ?» የሚለው ግን ርእሰ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ሲኖር ካሜራው የሚቆምበት ስፍራ፣ የሚጠበቀው ሰዓትና የሚተወው ነገር በራሱ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ሥራው ጥቂትና የማይለዋወጥ ደንብ ያስፈልገዋል። ዛንደር ሰውን በገዛ ስፍራው፣ ዓይኑ ወደ ሌንሱ ቀንቶ ያነሣል፤ ኬይታ በአንድ ጨርቅ ፊት፣ በአንድ ፊልም ያነሣል። ደንቡ ፈጠራን የሚያስር ይመስላል፤ ነገር ግን የማይለዋወጠው ነገር አንድ ሲሆን የሰው ከሰው ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። መቶ ሰው በመቶ ልዩ ልዩ አኳኋን ቢነሣ ግን የሚታየው የአንሺው መቁነጥነጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የተነሣውን ዘርግቶ ማየት ራሱ የማንሣት ያህል ሥራ ነው። አንሺው ሳያስበው ደጋግሞ የገባ ነገር ቢኖር፣ ለምሳሌ በየሥዕሉ ዳር የሚታይ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ዓይነት የእጅ አያያዝ፣ የሚቀጥለው ሥራ ከዚያ ይጀምራል። አራተኛ፣ ለተነሺው ድርሻ መስጠትና ያንንም ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ኬይታም ቢሆን ጎድሎበታል። የሥዕሎቹን ዓመት በኋላ የለየው በመጋረጃው ጥለት ነበር፤ የብዙዎቹ ተነሺዎች ስም ግን አልተገኘም። በ1991 ሥዕሎቹ በኒው ዮርክ ሲታዩ የእሱ የራሱ ስም እንኳ አልተጻፈባቸውም ነበር፤ በ1994 በፓሪስ በስሙ የታዩት ከዚያ ወዲህ ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ ነው። ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ለማንም በማይታወቅ ሰው ላይ እንደ ተነገረ ወሬ ይሆናል።

ይህ ነገር በአሜሪካና በማሊ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። በአገራችን ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ በየዕለቱ ከከርቲስ ሰዓት ጋር ይገናኛል። ውሃ የምትቀዳ ሴት ሊያነሣ ወደ ምንጭ ይወርዳል እንበል። ሴቲቱ ቢጫ የፕላስቲክ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ትመጣለች። ተማሪው በመጽሐፍ ያየው እንስራ ስለሆነ ቅር ይለዋል፤ በቤት ጥግ የተቀመጠ አሮጌ እንስራ አስወጥቶ ያሸክማትና ያነሣታል። ሥዕሉም ያማረ ይሆናል። ሴቲቱ እንግዳን ላለማሳፈር ስትል እሺ ብላለች፤ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግን ሥዕሉን የሚያይ አጥኚ ከይሉኝታ የመጣውን ሥዕል የዘመኑ ኑሮ አድርጎ ይቀበለዋል።

በእንስራው የተሸፈነው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ጀሪካኑ በዚያ መንደር የገባው መቼ ነው? ቀድሞ ምን ነበረበት? ሸክሙ ሲቀልል ውሃ የመቅዳቱ ሥራ ከእናት ወደ ሕፃናት ተላልፎ ይሆን? ጀሪካን የሚሸጠው ነጋዴ ሲመጣ የሸክላ ሠሪዋ ኑሮ ምን ሆነ? ቀድሞውንስ በመንደሩ ዘንድ የነበራት ስፍራ ምን ነበር? የቆርቆሮው ጣሪያ፣ በቀሚስ ላይ የተደረበው የኳስ ቡድን ሹራብ፣ በእረኛው እጅ ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ሁሉ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ያዘሉ ናቸው። እነዚህን ከሥዕሉ እየገፉ ማውጣት ባህልን መጠበቅ የሚመስላቸው አሉ፤ በእርግጥ ግን ሕዝቡ የሚኖርበትን ዓመት መንጠቅ ነው።

ይህ ሲባል እንስራው አይነሣ ማለት አይደለም። በቤት ጥግ አቧራ ለብሶ በተቀመጠበት ቢነሣ፣ ወይም አንዲት ባልቴት አስተዛዘሉን ለማሳየት በፈቃዷ ተሸክማው ብትነሣና ይኸው ከሥዕሉ በታች ቢጻፍ፣ ሥዕሉ ውበቱን ሳያጣ እውነተኛ ይሆናል። የሚያስጠይቀው ሥዕልን ማዘጋጀት ሳይሆን የተዘጋጀውን እንዳልተዘጋጀ አድርጎ ማቅረብ ነው።

ስለዚህ ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ተማሪ የሚጠቅመው ጥያቄ «ምን ልዩ ነገር ላግኝ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ከፊቴ ካለው ነገር የትኛውን ማስወገድ አማረኝ? ለምን?» የሚለው ይቀድመዋል። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ የሚገኘው ሊወገድ በታሰበው ዕቃ ውስጥ ነው። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው ነጋቲቭ ወይም ሳይነካካ የወጣው ፋይል ቀን፣ ቦታና የተነሺው ፈቃድ ተጽፎበት ይቀመጥ። የፒገኖቹ ሰዓት ከመጽሐፉ ተፍቆ ሳለ ዛሬ ልንነጋገርበት የቻልነው የመጀመሪያው ሥዕል ስላልተጣለ ነው።